ኪንታሮት ያልኩሽ ነገር

ጥቅምት 9

መርፌ ይዛ የሰው ክንድ ለምታሳድደው ለልጅ ልጄ፣ ለንቢት፤

በቅርብም በሩቅም ላላችሁ የቤተሰባችን አባላት በሙሉ፦ በልብስ ስፌት ቤታችን ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገለው ባለሦስት እግር በርጩማ ከዛሬ ጀምሮ በክብር ጡረታ መውጣቱን ስናስታውቅ ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል። በስንብቱ ላይ ባለቤቴ፣ ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩና አንዲት ስሟ ያልታወቀ ዝንብ ተገኝተዋል። ጸጉር አስተካካዩ ንግግር ሊያደርግ አፉን ቢከፍት ዝንቧ ገባችበትና ሥነ ሥርዓቱ በሳል ተዘጋ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ደብዳቤ የሚያመላልስልን የአውቶቡስ ሹፌር የነገረሽ እውነት ነው፤ ቆሜ ነው የምሰፋው። ማሽኑን በጡብ ከፍ አድርጌ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ በሌላው ፔዳሉን ስረግጥ ሽመላ መስያለሁ። ደንበኛ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ለማየት የሚመጣው በዝቷል።

ምክንያቱ ለብቻሽ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የዳኛዋ ስለሆነ ነው። አያትሽን «ዳኛዋ» ማለቴን እንዳትነግሪያት፤ እሷም ታውቃለች፣ ግን እንዳትነግሪያት። ስልክ ስታወራ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ነው፤ የእህቷን ጉንፋን ሰፈሩ ከእህቷ እኩል ነው የሚያውቀው። ፖስታውንም በማሽን ድርብ ስፌት የሰፋሁት ለዚሁ ነው። ሹፌሩ ሙጫ ይፈታል፣ ስፌት ግን አይፈታም።

ኪንታሮት ወጣብኝ። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ፋርማሲ ሄጄ ነበር። ከኋላዬ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ መድኃኒት የምትሸጠውም ሴት ናት። አንገቴን በመስኮቱ አስገብቼ «ኪንታሮት» አልኳት በሹክሹክታ።

«ምን አሉኝ አባት?»

«ኪንታሮት።»

«እእእ፣ ኪንታሮት!» ብላ ለሰልፉ አወጀችልኝ። «ይደማል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ሲቀመጡ ያምዎታል?»

«ሱሪዬ ሲጨመድደኝ።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ።»

«በቃ፣ የመቀመጥ ነገር ነው» አለችና ቅባትና እንደ ጥይት የሾለ አንድ ነገር በካርቶን ሰጠችኝ። ዕድሜ ልኩን ወንበር ላይ ለኖረ ሰው የተለመደ ነው አለችኝ። እኔም የሙያ ሜዳሊያ እንደተሸለመ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። አትጨነቂ።

አያትሽ፣ ሽመላው


ጥቅምት 21

ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እማማስ? እኔ ደህና ነኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስንዞር ሰንብተን ትናንት ነው የገባሁት። ፖስታዎን ለመክፈት ደግሞ ደህናውን መቀስ አዶለዶምኩበት።

በሹፌሩ በኩል የላኩትን ሁለት ጥያቄ አግኝቻለሁ። ስለ ባል የጠየቁትን አልመልስም። ስለ መርፌው የጠየቁትን ግን እመልሳለሁ፦ ልጃገረዶቹን የምንከትባቸው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ እንዳይዛቸው ነው። ሲያድጉ የማህጸን በር ካንሰር የሚያመጣባቸው እሱ ነው። አንዳንድ ወላጆች «በልጄ ላይ ምን ልትሞክሩ ነው?» እያሉ በር ይዘጉብናል። ያኔ የእርስዎን ምላስ ቢያውሱኝ እላለሁ።

ወደ ኪንታሮትዎ ልመለስ። ምን ያሳፍራል? ከሰው ሁሉ ግማሹ ያውቀዋል። ውሃ በብዛት ይጠጡ፣ አትክልት ይብሉ፣ ሲጸዳዱ አያምጡ። ማታ ማታ ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርገው ይቀመጡበት። ጥይቷንም ሳያፍሩ ይጠቀሙባት። ካልተሻለዎት ይጻፉልኝ።

ንቢትዎ


ኅዳር 2

ለንቢት፣ ለሳፋ ሐኪሟ፤

ትእዛዝሽ ተፈጽሟል። ተዘፍዝፌያለሁ። ዳኛዋ ድንገት ገብታ አየችኝና «የሚታጠብ ልብስ አለቀና ራስህን ትዘፈዝፍ ጀመር?» አለችኝ። ላብ ለማስወጣት ነው አልኳት። «ከየትኛው በኩል?» አለች። ዳኛ ናት አልኩሽ እኮ።

ተሻለዎት ወይ ላልሽው፦ አልተሻለኝም። በጥይቷ ላይ ደግሞ ቅሬታ አለኝ። መመሪያው በኋላ በር አስገባ ይላል። እኔን የያዘኝ በፊት በር በኩል ነው! ከጓሮ ገብታ፣ ቤቱን በሙሉ አቋርጣ፣ ደጃፍ ላይ የቆመውን ጠላት የምታባርር መድኃኒት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም የመንግሥት ነርስ ያዘዘችው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቅባቱን ግን በራሴ ሥልጣን ፊት ለፊት ቀባሁት፤ አቃጠለኝ እንጂ ምንም አልፈየደ።

ነገሩን በደንብ ልንገርሽ፤ ደብዳቤ ፊት የለው፣ አያፍር። ከዚፑ ጀርባ ያለውን ተከራይ ታውቂዋለሽ። ማለቴ አታውቂውም፣ ግን ገብቶሻል። ራሱ ላይ ነው የወጣችው። በፊት ምስር ታክል ነበር። አሁን የኮት ቁልፍ ታክላለች፤ ጠርዟ ደረቅ፣ መሀሏ እርጥብ፣ ስትነካ ትደማለች። ብሽሽቴም ላይ ንፍፊት ብጤ ጉብ ብላለች። ያልተቀመጥኩት ለዚህ ነው፤ ሱሪው ሲታጠፍ ይፈትጋታል።

ቢጨንቀኝ ጸጉር አስተካካዩን አማከርኩት። እሱ አፉ እንደ ምላጩ ነው፣ ግን ምስጢር ሲሆን ይዘጋል። «የኪንታሮት መድኃኒት ጠፍቶህ ነው?» አለኝ። «ሥሯን በክር ጠብቅ አድርገህ እሰራት። ደርቃ ትወድቃለች። አጎቴ እጁ ላይ የነበረችውን እንዲህ ነው ያስወገደው።» ምን ይባላል? እኔ ቤት የሚጠፋው ገንዘብ እንጂ ክር አይደለም። የቁልፍ ማሰሪያውን ጠንካራ ክር በሰም አሽቼ አስቀምጫለሁ። እሁድ፣ ዳኛዋ እህቷ ጋ ስትሄድ፣ እገላገላታለሁ።

አያትሽ


ኅዳር 5

አባባ፤

ክሩን ያስቀምጡ።

ይህን የምጽፈው መናኸሪያ ውስጥ በአውቶቡሱ ኮፈን ላይ ነው። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጮህብኛል። ከእሁድ በፊት በእጅዎ እንዲያስገባው አስምዬዋለሁ። እንዳያስሩ፣ እንዳይቆርጡ፣ እንዳይቀቡ፣ ለማንም እንዳያስነኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኪንታሮት ሲሉኝ የመቀመጫው መሰለኝ። ፋርማሲስቷም እንዲሁ። ለሁለት በሽታ አንድ ስም አውጥተን እንዴት እንደምንኖር እንጃ! እጅ ላይ የምትወጣውም ኪንታሮት፣ ከኋላ የሚወጣውም ኪንታሮት። ነርስ ሆኜ «የት ላይ?» ብዬ ሳልጠይቅ በሳፋ ዘፈዘፍኩዎ። በዚያ መሀል ስንት ጊዜ ሄደ።

እውነቱን እነግርዎታለሁ፤ ልጅ አይደሉም። የነገሩኝ ነገር የትኛውም ኪንታሮት ላይሆን ይችላል። ብልት ጫፍ ላይ ወጥቶ የማይድን፣ የሚያድግ፣ የሚደማ ቁስል ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነው አላልኩም። ይችላል ነው ያልኩት። ያ የምንከትብለት ቫይረስ የሴት ብቻ አይደለም፤ በወንድ ብልት ካንሰር ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ኪንታሮት የሚያወጣው ዝርያውና ካንሰር የሚያመጣው ዝርያው ይለያያሉ፤ በዓይን አይቶ ግን ማንም አይለያቸውም፣ ጸጉር አስተካካይም ሆነ ነርስ። ናሙና ተቆርጦ መታየት አለበት።

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የሽንት ቧንቧና የብልት ሐኪም ይጠይቁ። አፍዎን ሞልተው «ብልቴ ላይ የማይድን ቁስል ወጣብኝ» ይበሉ። ያቺን በ«ኪ» የምትጀምር ቃል እንዳይተነፍሱ! እሷን ካሉ መልሰው ጥይት ይሰጡዎታል። የብሽሽቱንም ንፍፊት ያሳዩ።

ሹፌሩ ሊሄድ ነው።


ኅዳር 19

ለንቢት፤

ሹፌሩ ደብዳቤሽን ያደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ክሩን አንድ ሱሪ ላይ አውለነዋል።

አዎ፣ ሄጃለሁ። አዎ፣ ቃሉን አልጠራሁም። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት «ምንዎን ነው የሚታከሙት?» ስትለኝ ግን ዙሪያዬን አየሁና «ከወገብ በታች፣ ከጉልበት በላይ» አልኳት። «ጭንዎን?» አለች። «ትንሽ ወደ መሀል ይምጡ» አልኳት። እሷ ሳቀች፣ እኔም ገባሁ።

ሐኪሙ ሽበታም ነው፤ ጥሩ ኮት ለብሷል፣ እጅጌው ግን ረዝሟል። ሳያወራ ብዙ አየኝ። ንፍፊቷን ሲዳብስ ፊቱን ፊቱን አየሁት፤ ምንም አላስነበበኝም። አደንዝዞ ቆንጥሮ ወሰደ። ውጤቱ ትናንት ወጣ።

ነው አለኝ።

ቫይረሱም አለበት አለኝ። ጫፉን እቆርጣለሁ አለኝ፤ ከታመመው አልፌ ከጤነኛውም ጥቂት እወስዳለሁ፣ ጠርዙ ንጹህ እንዲሆን። «ገባኝ» አልኩት። «እኛም ስንቆርጥ ለስፌት ትርፍ እንተዋለን። ልዩነቱ እኔ ትርፉን ለደንበኛው ነው የምተውለት።» ፈገግ እንኳ አላለም። ያኔ ነው የፈራሁት፣ ንቢት። በቀልዴ ያልሳቀ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ግባ አለኝ። ጥር ላይ ይሁንልኝ አልኩት።

«ለምን?» ብለሽ በሹፌሩ እንደምትልኪብኝ አውቃለሁ። ልንገርሽ። ልወጣ ስል «ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፣ እሳቸውም መታየት አለባቸው» አለኝ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በምን እንደሆነም ነገረኝ። ቤት ገባሁ። ዳኛዋ ሽንኩርት ትልጣለች። ካገባኋት ወዲህ ሌላ ሴት አላውቅም፤ ይህን ለአንቺ መጻፌም ያሳፍራል። «ከማን አመጣኸው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ? ካመነችኝስ፣ ቀጥላ ምን ታስባለች? የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ፦ በሩ ላይ ቆሜ፣ ከእኔ ካልሆነ ከማን ነው ብዬ፣ ዕድሜዬን አብሬያት የኖርኩትን ሴት እንደ እንግዳ አየኋት። ቀና ብላ «ምን ትገተራለህ? ሽንኩርቱ እኔን እንጂ አንተን አያስለቅስም» አለችኝ። አፍሬ ወጣሁ።

ስለዚህ እስከ ጥር ሥራ በዝቶብኛል። ደግሞ እሱ ነገር መርፌ የለውም? ያንን ለልጆቹ የምትወጊውን አንድ ብትልኪልኝ፣ ቢላዋው ይቅር።

አያትሽ


ኅዳር 23

አባባ፤

ተቆጥቻለሁ፤ ስለዚህ ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ይፈልጉት።

መርፌው ቫይረሱ ሳይገባ ይከለክላል እንጂ የገባውን አያስወጣም። እርስዎ ዘንድ ደግሞ ገብቶ፣ ከርሞ፣ ቤት ሠርቷል። ቢላዋው አይቀርም።

ጥር ድረስ የሚቆየው ኮት ነው። ካንሰር ቀጠሮ አያከብርም። ዛሬ ጫፉን የሚል ሐኪም በኋላ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እርስዎም ባያውቁት ይሻላል። ንፍፊት ውስጥ ከገባ ደግሞ የምናወራው ስለ ተከራዩ አይሆንም፤ ስለ ቤቱ ነው።

«ከማን» ላሉት ደግሞ ይስሙኝ። ይህ ቫይረስ እንደ አቧራ ነው። በሕይወቱ ከሰው የተኛ ሰው አብዛኛው አንድ ቀን ያገኘዋል። አብዛኛው ሰውነት ጠርጎ ያስወጣዋል፣ ባለቤቱም ሳያውቅ። አንዳንዱ ላይ ግን ምንም ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ከጋብቻችሁ በፊት ከእርስዎ ይምጣ ከእሷ፣ ማንም ሐኪም፣ ማንም ዳኛ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ የማትታማ ሴት በዓይንዎ አይሟት፤ ራስዎንም አይክሰሱ። መክሰስ ካማረዎት ሲጋራዎን ይክሰሱ፤ እሱ እጁ አለበት።

አሁን ዋናውን። እርስዎ ስለሚሉት ቃል ሲጨነቁ፣ ቫይረሱ እማማ ዘንድም ሊኖር ይችላል። እኔ የሰው ልጆች ለዚህ በሽታ እየከተብኩ የራሴ አያት ሳትመረመር ትቅር? እሷ አያማትም። ሲጀምር አያምም፤ ሲያም መሽቷል። አባባ፣ የሚጠብቁት ክብርዎን መሰለዎት እንጂ የእሷን ዕድሜ ነው የያዙት።

እስከ ሰኞ ድረስ ይንገሯት። ያለዚያ ማክሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። በድምፅ ማጉያ እንደምታነሳው ያውቃሉ።

እወድዎታለሁ። ይኸው ሰላምታው።

ንቢት


ታኅሣሥ 24

ለንቢት፤

ለላክሽብኝ ጥያቄ ሁሉ ባንድ ቃል፦ አለሁ።

ከአልጋ ሳልነሳ ሰንብቼ ዘገየሁ፤ አያትሽን ጻፊልኝ ብላት «ያልኩህን ሳይሆን ያልከኝን ነው የምጽፈው?» ብላ እምቢ አለች። ዛሬ ጠዋት ሁለታችንም ውጤት ለመስማት ሄደን ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ አዎ፣ ተቀመጥኩ። ማንኛችን ቀድመን እንደምንጠራ አናውቅም። እሷ የቦርሳዋን ማሰሪያ ትጠመዝዛለች፣ እኔ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰውዬ የሱሪ ስፌት እቆጥራለሁ። አንዱም ቀጥ ያለ አልነበረም።

የኔ፦ ጠርዙ ንጹህ ሆኗል። ከንፍፊቷ የቀዳው ናሙናም ካንሰር የለበትም። ቢሆንም በየሦስት ወሩ ተመላለስ፣ ሲጋራውንም እርሳው ብሎኛል። ለጠየቅሽኝ ሌላ ነገር፦ አዎ፣ ቆሜ እሸናለሁ። አቅጣጫው ግን እንደ አዲስ ሥራ ጀማሪ ነው፣ የታዘዘውን ትቶ በራሱ ሐሳብ ይሄዳል። ተከራዩ አጥሯል። እኔም በዕድሜ አጥሬያለሁ፣ ተመጣጥነናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን አልቀለድኩም። ፋሻው ሲፈታ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር። ዳኛዋ ናት ያየችው። አይታ «የሐኪሙ ስፌት ካንተ ይሻላል» አለች። ያኔ ነው ዞሬ ያየሁት።

የእሷ ውጤት ለመምጣት ጊዜ ወሰደ። ማህጸን በሯ ላይ ካንሰር ያልሆነ፣ ግን መንገድ የጀመረ ነገር አገኙ። እዚያው አክመዋት በእግሯ ወጣች። የእሷ ሐኪም ወደ እኔ ዞራ «ጥቂት ዓመት ቢቆዩ ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም። እኔ ጨረስኩት፣ በሆዴ። እስከ ጥር ላቆየው ያልኩት የእኔን ቁስል ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጥር ካልኩ ደግሞ ሚያዝያም እል ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እጇን ያዝኩ። «ሰው ያያል» አለች፤ ግን አልነጠቀችኝም።

እንዴት እንደነገርኳት ለጠየቅሽው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስፌት ቤቱ ውስጥ። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ቃል በቃል ነገርኳት፦ ቁስሉንም፣ ቫይረሱንም፣ እሷም መታየት እንዳለባትም። «ከማን አመጣኸው?» ብላ አልጠየቀችኝም። «የረቡዕ ቀጠሮ ስንት ሰዓት ነው?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች፤ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም፣ ዝም ብላ ነው ያነሳችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና «ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻህ?» አለችኝ። ከፈረደችብኝ ፍርድ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

በር ለሚዘጉብሽ ወላጆች ንገሪያቸው። ምላሴን ማዋስ ባልችል ታሪኬን አዋስኩሽ። «አንድ ልብስ ሰፊ ነበር» ብለሽ ጀምሪ። ሳፋውንም ንገሪያቸው፣ ጥይቷንም። ሲስቁ በሩ ይከፈታል፤ ያኔ የቀረውን ትነግሪያቸዋለሽ። ወንድ ልጆቻቸውም ይስሙት። የት ላይ ሲሏቸው የት ላይ እንደሆነ ለመናገር አይፈሩ።

ዳኛዋ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው። «ዓይን ዓይኗን እያየሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠረገች። እሺ። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። የሆነው እንዲህ ነው፦ ስትገባ ጀርባዬን ሰጥቻት እሰፋ ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ፔዳሉን አፈጠንኩት፣ ማሽኑ እንዲጮህ። ሁሉንም ለማሽኑ ነገርኩት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፤ እሷ ሰማችም አልሰማችም ግዴታዬን ተወጣሁ ብዬ። መጥታ መዘውሩን በመዳፏ ያዘችው። ማሽኑ ቆመ።

«አሁን ድገመው» አለች።

ደገምኩት። ዓይኔ ግን ያኔም መርፌው ላይ ነበር።